ስንት ሰው?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እህቴን ልጠይቅ ፍራንክፈርት ሄጄ ነበር። እንደደረስኩ ለእናቴ ስልክ ደወልኩና የቤቱን ወሬ ነገርኳት። «ለእረፍት ሊሄዱ ነው። ደህና ቤት፣ ደህና አልጋ እያላቸው አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነድተው፣ ሰው አገር ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው። ለሜዳውም ይከፍላሉ» አልኳት። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «ምን አጥፍተው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

እናቴን አልፈርድባትም። በእኛ ዘንድ ድንኳን የጨዋታ ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ለሠርግ ይጣላል፤ ለለቅሶ ይጣላል። ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን እስኪቆረቁር ድረስ ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ያ ግን አገር ማስተዳደር እንጂ ሽርሽር አልነበረም። «ካምፕ» የሚለውን ቃል ስንሰማም ቶሎ ትዝ የሚለን ወይ ወታደር ነው፣ ወይ ስደተኛ። ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ልጆቹን አስከትሎ ካምፕ ይገባል ሲባል «ምን አጥፍተው ነው?» ማለት የጤና ነው።

አማቼ ግን ነገሩን በቁም ነገር ይዞታል። መሐንዲስ ነው፤ ሳይለካ አይተነፍስም። ጉዞውን ኮምፒዩተሩ ላይ በሠንጠረዥ አስፍሮታል። ከፍራንክፈርት ተነስቶ በሙኒክ አድርጎ፣ በሳልዝበርግ በኩል ኦስትሪያን ማቋረጥ፤ ከዚያ በካራቫንከን ተራሮች ሥር በተቆፈረው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ዋሻ ስሎቬኒያ መግባት፤ ከዚያም ክሮኤሺያ፣ ኢስትሪያ፣ ባሕር። የት ነዳጅ እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ የት ወርደው እግራቸውን እንደሚያፍታቱ ሳይቀር ተጽፏል። የአውራ ጎዳና መጠቀሚያ ክፍያ፣ ለአደጋ ጊዜ የሚቆመው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን፣ የጋዝ ምድጃ፣ የሚነፋ ፍራሽ። እህቴ በበኩሏ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ ጀበና ጨመረችበት። አማቼ «ጀበናው የትኛው ረድፍ ውስጥ ይግባ?» ብሎ ሠንጠረዡ ላይ ሲጨነቅ አይቼ ስቄያለሁ።

ክሮኤሺያ ውስጥ ደስ ባለህ ሜዳ ላይ ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ለዚሁ በተዘጋጀ ቦታ ከፍሎ ማደር ግድ ስለሆነ፣ በበጋው ግርግር ወቅት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። አማቼ የሞላው ቅጽ ከቀኑ ቀጥሎ የጠየቀው አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ ስንት ሰው?

አማቼ «አምስት» ብሎ ሞላ። እሱ፣ እህቴ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ ሴት ልጃቸው፣ የዘጠኝ ዓመቱ ወንድ ልጃቸውና እኔ። ለሦስት ሳምንት የመጣሁ እንግዳ፣ ሳልጠየቅ ተቆጥሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ቀብድም ተከፈለ።

ስድስተኛ ሰው መኖሩ ትዝ ያለን በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ዕለት ነው።

የአማቼ የአክስት ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመቱ። ጀርመን ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የጥገኝነት ማመልከቻው ግን ገና ውሳኔ አላገኘም። የሚያድረው የስደተኞች ማረፊያ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ እህቴ ቤት ይመጣል፤ ከልጆቹ ጋር ኳስ ይጫወታል፤ ዕቃ ያጥባል፤ እንጀራ ሲጋገር ቆሞ ያያል። ያን ቀን አማቼ አዲሱን ድንኳን ለሙከራ ጓሮ ዘርግቶ፣ የመመሪያ ወረቀቱን ይዞ ከዘንጎቹ ጋር ሲታገል ልጁ ደረሰ። ወረቀቱን ሳያይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወጥሮ አቆመው። «ጎበዝ!» ብለን አጨበጨብን። የት እንደተማረው አንዳችንም አልጠየቅንም።

ትልቋ ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ቦታ ስታከፋፍል ቆየችና አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እሱስ የቱ ጋ ነው የሚተኛው?» አለች።

መልስ የሰጠ አልነበረም።

ሕጉ እንዲህ ነው። ማመልከቻው በመታየት ላይ ያለ ሰው በጀርመን የመቆየት ፈቃድ ይሰጠዋል እንጂ ወደ ሌላ አገር ሄዶ የመመለስ መብት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 አምስት አገሮች በመካከላቸው ያለውን የድንበር ፍተሻ ለማስቀረት ሸንገን በምትባል የሉክሰምበርግ መንደር፣ ወንዝ ላይ በቆመች የመንገደኞች መርከብ ተሰብስበው ተፈራርመዋል። ክሮኤሺያም ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከማኅበሩ ገብታለች። እኔ በዘጠና ቀን ቪዛ አዲስ አበባ ላይ ተሳፍሬ የመጣሁት ሰውዬ እስከ ባሕሩ ድረስ መሄድ እችላለሁ። ሁለት ዓመት የኖረው፣ ቋንቋውን ከእኔ አንድ መቶ ጊዜ አሳምሮ የሚናገረው ልጅ አይችልም። መሄጃው መንገድ ላይ ማንም ላያስቆም ይችላል። ጉዳዩ መመለሻው ነው። በዚያ በጋ ከክሮኤሺያ ስሎቬኒያ ሲገባ፣ ከስሎቬኒያ ኦስትሪያ ሲገባ፣ ከኦስትሪያ ጀርመን ሲገባ ፍተሻ ነበር።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ክርክሩ ተጀመረ። ልጁ ወደ ማረፊያው ሄዷል። አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። «ምን ችግር አለው? ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ማን ያየዋል? ይዘነው እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። አማቼ በትዕግሥት አየኝና፣ «ጋሼ፣ ቢያዝ የሚጎዳው እርስዎ አይደሉም» አለኝ። አፈርኩ። በሰው ዕጣ ደፋር መሆን ቀላል ነው፤ ደግነትም ይመስላል።

እህቴ «እንግዲያው ሁላችንም እንቅር» አለች። አማቼ ለዚህም መልስ ነበረው፤ እስካሁን የሚከነክነኝ እሱ ነው። «እኛ ብንቀር እሱ ወረቀት ያገኛል? ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ባሕር ባሕር ሲሉ ነው የከረሙት። እነሱስ ምን አጠፉ? ደግሞስ በእሱ ምክንያት ቀሩ መባሉ ለእሱ ደስታ ነው ወይስ ዕዳ?» አለ።

እስኪ አንባቢ ይፍረድ። ይህ የክፉ ሰው ንግግር አይደለም። አንዱ ስላልቻለ ሁሉም ይቅር ማለት ፍትሕ ነው ብሎ በድፍረት የሚናገር ሰው ካለ፣ ነገሩን ዞር ብሎ ያየው አይመስለኝም። ሁሉን እኩል ማስከፋት እኩልነት አይባልም። የአንዱን ጉዳት ሌላው ሲካፈለው የሚቀልበት ጊዜ አለ፤ ሲካፈለው የሚከብድበትም ጊዜ አለ።

በማግሥቱ ልጁ ሲመጣ እህቴ ነገሩን አዋየችው። ሳታስጨርሳት ፈገግ ብሎ፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ። አበባውንም አጠጣለሁ» አለ። አማቼ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም ሲወርድለት በዓይኔ አየሁ። እኔም ቀለል አለኝ። ተጠይቋል፤ መልሷል፤ ጉዳዩ አለቀ።

አላለቀም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ተማሪዎቼን ከማድንቆርባቸው ነገሮች አንዱ «የተባለውን ብቻ ሳይሆን ያልተባለውን አንብቡ» የሚል ነበር። «እናንተ ሂዱ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። በእኛ ሰው አፍ ይህች ዐረፍተ ነገር ፈቃድ አይደለችም፤ ይሉኝታ ናት። ምርጫ የሌለው ሰው ምርጫ ያለውን ሰው ከኀፍረት የሚያወጣባት ናት። ልጁ ራሱ ችግር ላይ ሆኖ እኛን አዳነን።

ደግሞ ይህችን ዐረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ሰምቻታለሁ። የት እንደሆነ ትዝ ያለኝ ሊነጋጋ ሲል ነው።

በ1998 ዓ.ም. ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ላንጋኖ ሄድኩ። ሁለት ሌሊት አድረን ልንመለስ ነው። ቤታችን ውስጥ ልጆቼን አዝላ ያሳደገች ሠራተኛ ነበረች። መኪናው ውስጥ ቦታ ነበር። ድንበር የለም፤ ፍተሻ የለም፤ ፓስፖርት የሚጠይቃት የለም። ሞጆ ላይ ማንም አያስቆማትም። ትንሹ ልጄ «እሷስ?» ብሎ ሲያለቅስ፣ ዕቃውን መኪና ላይ ስታስጭን የነበረችው እሷው ናት ያባበለችው። «እናንተ ሂዱ፤ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አለችው። እኔም «እውነቷን ነው» ብዬ ቁልፉን አዞርኩ።

ስለ አውሮፓ ድንበር ጨካኝነት በዚህ ዓምድ ብዙ መጻፍ እችል ነበር። የሚያስጽፍም ነው። ግን ያን ሌሊት የገባኝ፣ ጥፋቱ የሚጀምረው ድንበሩ ጋ አለመሆኑ ነው። ፖሊሱ ገና የለም፤ ዋሻው ገና ሩቅ ነው፤ ልጁ ግን አስቀድሞ ቀርቷል። የቀረው «ስንት ሰው?» ተብሎ «አምስት» የተጻፈ ጊዜ ነው። አማቼ በክፋት አልጻፈውም። ትዝ አላለውም። ትዝ አለማለት ግን ምንም ያላደረግን እየመሰለን የምናደርገው ነገር ነው።

ነገሩን በዚህ በኩል ስናየው የአማቼም ከባድ ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። «በእሱ ምክንያት ልጆቹ ባሕሩን ይጡ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የተወለደው እሱ ሳይቆጠር ባሕሩ ለልጆቹ ቃል ስለተገባላቸው ነው። ከመጀመሪያው «ስድስት ነን፤ ስድስታችን የት መሄድ እንችላለን?» ተብሎ ቢታቀድ ኖሮ የሚቀር ነገር አይኖርም ነበር። ሌላ ጉዞ ይኖር ነበር እንጂ። አስቀድሞ የተቆጠረ ሰው የቤተሰቡ አባል ነው፤ ዘግይቶ የተቆጠረ ሰው ግን ዕዳ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው የተቆጠረበት ጊዜ ነው።

ይህን በየቦታው እናየዋለን። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ሲመጣ «ለአንድ ሰው ሲባል ደረጃ እናፍርስ?» ይባላል። የመሥሪያ ቤት ሽርሽር መዋጮ በባለ ደህና ደመወዙ አቅም ይወሰንና፣ ጥበቃውና ጽዳቷ «አልተመቸንም» ሲሉ «ምርጫቸው ነው» እንላለን። አንድም ቦታ ክፉ ሰው የለም። ቆጠራው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ብቻ አሉ።

ጠዋት ይህን ለአማቼ ነገርኩት፤ የላንጋኖውን ጭምር። ብዙ አልተናገረም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አዲስ ሠንጠረዥ ጀመረ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «6» ብሎ ጻፈ።

የሄድነው ኮንስታንስ ሐይቅ ነው፤ ጀርመኖቹ «ቦደንዜ» ይሉታል። ከፍራንክፈርት አራት መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ይጋሩታል፤ እኛ የከተምነው በጀርመኑ ዳርቻ ነው። ታዲያ የሚገርመው፣ ሦስቱ አገሮች የላይኛውን ዋናውን ሐይቅ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ተስማምተው አስምረው አያውቁም። ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀና «እንግዲያው እስከየት ልዋኝ?» አለኝ።

ሁሉም ደስ አለው ብዬ አልዋሽም። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ባሕሩ ሲቀርበት አልቅሷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ቃል ተገብቶለታል። ከቀብዱም ገሚሱ አልተመለሰም።

ሌላም ነገር ነበረ። በሁለተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ለሽንት ስወጣ ልጁ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሏል። በሩን ከፍቼ አጠገቡ ገባሁ።

«ምነው? ፍራሹ አልተመቸህም?»

«ኧረ ፍራሹ ጥሩ ነው ጋሼ። ዝናብ ድንኳን ላይ ሲመታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሱዳን መጠለያ ጣቢያ አንድ ዓመት ከምናምን ድንኳን ውስጥ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

ፈገግ አለ፤ ያው የ«እናንተ ሂዱ» ፈገግታ። «ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ድንኳኑን በዚያ ፍጥነት ሲያቆመው አጨበጨብንለት እንጂ አልጠየቅነውም። ቆጠርነው፤ ስለ እሱም ስንትና ስንት ተከራከርን፤ ለእሱ ብለን ባሕር ተውን። የቀረችን አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ እሷንም ረሳናት። መቁጠር መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ከዚያች ሌሊት በኋላ እሱ መኪናው ውስጥ ተኛ፤ ትልቋ ልጅም «እኔም መኪና ውስጥ ይሻለኛል» ብላ የኋላውን ወንበር ያዘች። እሷ ነገሩ ማንም ሳያስተምራት የገባት ይመስለኛል።

አሁን ክረምቱ አልፎ፣ እዚህ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ የሚከብደኝ ግን የልጁ ነገር አይደለም። እሱን ዘግይተንም ቢሆን ቆጥረነዋል። ያቺ ልጆቼን ያሳደገች ሴት ሰባት ዓመት ቤታችን ኖራ በ2002 ዓ.ም. ተሰናበተች። በነዚያ ዓመታት ላንጋኖ አራት ጊዜ ሄደናል። አራቱንም ጊዜ ቤቱን የጠበቀችው እሷ ናት። መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።