የሰረቀውና የፋቀው



የጥንት ጸሐፍቶቻችን በብራና ጽፈው በፈጸሙት መጽሐፍ ጫፍ የሚያኖሩት ግዝት እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ ግዝት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይጠራሉ፤ መጽሐፉን የሰረቀውና ጽሕፈቱን የፋቀው። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው በቀላሉ ይገባኝ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ያስገርመኝ ነበር። ሌባ መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፤ የፋቀው ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ ይሄዳል። ታዲያ በምን ምክንያት ከሌባ ጋር በአንድ ግዝት ታሰረ? መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ከአንድ የካርቱን ፊልም ታሪክና ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሸኮ ወረዳ በምትገኝ አንዲት ጸሎት ቤት፥ በቡና ለቀማ ወራት፥ ማታ ማታ ለልጆች ፊልም እናሳይ ነበር። ካሳየናቸው አንዱ ስለ አንድ ሌባና ስለ አንድ ጫማ ሰፊ የሚተርክ ነበር። ልጆቹ እጅግ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሲያልቅ አንዲት ልጅ፥ «አባ፥ ሌባው አፉን ሳይከፍት እንዴት ይናገራል?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ጥያቄዋ ግን የፊልሙን ታሪክ እንድመረምር አስገደደኝ። ያገኘሁትም የሚከተለው ነው (በዚህ ጽሑፍ ከአንድ የአገራችን ዐዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሪቻርድ ዊልያምስ በ1933 በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ ተወልዶ በለንደን የራሱን የካርቱን ፊልም ድርጅት ያቋቋመ ሠዓሊ ነበር። በ1964 ስለ ሙላ ናስሩዲን ከሚነገሩት የምሥራቅ ተረቶች የተነሣ ሥራ ጀመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተረቶቹ ባለ መብቶች ጋር ሲለያይ ናስሩዲንን ትቶ ታሪኩን በአንድ ሌባና በአንድ ጫማ ሰፊ ዙሪያ እንደ ገና አዋቀረው። ፊልሙም ኋላ «ሌባውና ጫማ ሰፊው» ተባለ። ገንዘቡን ያገኝ የነበረው ለነጋዴዎች የማስታወቂያ ፊልም እየሠራ ነው። እንደ ኬን ሃሪስና አርት ባቢት ያሉትን የአሜሪካ አንጋፋ ሠዓልያን አስመጥቶ ከእነርሱ ጋር ሠራ፤ ወጣቶች ባልደረቦቹም ከእነርሱ እንዲማሩ አደረገ። ሌሎች ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃል ሲሉ፥ እርሱ 24 ካልሆነ አይሆንም አለ፤ ይህም ለአንድ ደቂቃ ብቻ 1,440 ሥዕል በእጅ መሣል ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ወርቃማ ከተማ በማማዋ ጫፍ ባሉት ሦስት የወርቅ ኳሶች ትጠበቃለች። ኳሶቹ ሲወሰዱ ለጠላት ትጋለጣለች። ታላቁን የጠላት የጦር መኪና በመጨረሻ የሚያፈርሰው የአንድ ድኻ ጫማ ሰፊ አንዲት ትንሽ ሚስማር ነው። በሠሪው አሳብ ሌባው ፈጽሞ አይናገርም፤ ጫማ ሰፊውም ከመጨረሻው ቅጽበት በቀር ዝም ይላል። ሁለቱንም የምናውቃቸው በእጃቸውና በዓይናቸው ነው። ቆዳ ሠሪና ሸክላ ሠሪ ለረጅም ዘመን በተናቁበት በእኛ አገር፥ አንድ ዝምተኛ ጫማ ሰፊ ከተማን ሲያድን ማየት ምን ያህል ትምህርት እንደሚሰጥ አንባቢ ይፍረድ።

ዊልያምስ በ1988 በወጣው በሌላ ፊልም የካርቱን ሥራ ታላቅ ሽልማት ስላገኘ፥ ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሌባውና ጫማ ሰፊውን» ለማሠራትና ለማከፋፈል ተዋዋለው። ፊልሙ በጊዜው ባያልቅ ሥራውን ተረክቦ የሚያስፈጽም ዋስ ድርጅትም ገባ። የተቀጠረው ጊዜ አለፈ። በግንቦት 1992 ዊልያምስ ያለቀውን በቀለም፥ ያላለቀውን በእርሳስ ንድፍ አያይዞ ለኩባንያው አሳየ፤ የቀረው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ኩባንያው ግን ውሉን ተወ፤ ዋሱም ፊልሙን ከሠሪው እጅ ወሰደ። ፍሬድ ካልቨርት የተባለ ሰው በፍጥነትና በርካሽ እንዲያስጨርሰው ታዘዘ። ብዙ ትዕይንት ተቆረጠ፤ ዘፈን ተጨመረ፤ ዝምተኛው ጫማ ሰፊ እንዲናገር ተደረገ። በዚህ መልክ በ1993 በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ ስሙ ተለውጦ ታየ። በ1995 ደግሞ ሚራማክስ የተባለው ኩባንያ እንደ ገና ቆራርጦና ሌላ ስም ሰጥቶ በአሜሪካ አወጣው፤ ሌባውም የልቡን አሳብ በድምፅ እንዲለፈልፍ ተደረገ። ልጅቱ ያየችው ይህን ነበር። አፉ ያልተከፈተው ሠዓሊው እንዲናገር አድርጎ ስላልሣለው ነው።

እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ የሌላውን ሰው ሥራ የመለወጥ ሥልጣን ለማን ተሰጠ?

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የኩባንያዎቹን ወገን እንስማ። ገንዘቡ የእነርሱ ነበር፤ የተፈረመ ውል ነበር፤ ቀኑም አልፏል። ግንብ ሊሠራ ወዶ አስቀድሞ ወጪውን ስላላሰላ ሰው ጌታችን የተናገረውን እናስታውሳለን (ሉቃ. 14)። ዊልያምስ ያ ሰው ነበረ ቢባል ሐሰት አይደለም። አንዱን ትዕይንት ደጋግሞ ሲያስተካክል ዓመታት አለፉ፤ ባልደረቦቹም እጅግ ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር። ፍጹም ሥራ መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሰው የገቡትን ቃል እስኪያስረሳ ድረስ ሲገዛን ጣዖት ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ታሪክ በደል በአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ ማስቆም፥ መፈጸምና መለወጥ። ባለ ገንዘብ፥ «ከዚህ በላይ አልከፍልም» ብሎ ሥራውን ሊያስቆም ይችላል። በውሉ መሠረት ሌላ ባለሙያ ቀጥሮ በሠሪው አሳብ ሊያስፈጽመውም ይችላል። አሳቡን ገልብጦ፥ ዝም ያለውን አናግሮ፥ የሌላውን የሠላሳ ዓመት ድካም የራሱ አሳብ ልብስ ማድረግ ግን ከእነዚህ ሁለቱ የተለየ ነው። ይህን ለመረዳት ከአገራችን ከሚዛንና ከቴፒ ገበያ አንራቅ። ቡናውን በእሸቱ የሸጠ ገበሬ፥ ገዢው ከሌላ ቡና ጋር ቢደባልቀው፥ «ለምን?» ሊል አይችልም፤ ሸጦታልና። ነገር ግን ገዢው የተደባለቀውን ጆንያ «የእገሌ የጫካ ቡና» ብሎ ቢሸጠው ገበሬው ተበድሏል። ገንዘቡ አልተወሰደበትም፤ ስሙ ግን እርሱ ያልለቀመውን ቡና እንዲመሰክር ተደርጓል።

የጥንት ጸሐፍት ግዝት ምስጢርም በዚህ ይገለጣል። የሰረቀው «አትስረቅ» የሚለውን ሰባተኛውን ትእዛዝ አፈረሰ። የፋቀው ግን «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ስምንተኛውን አፈረሰ። የደራሲውን አፍ ይዞ ደራሲው ያላለውን አስብሎታልና። ሌባ ያለንን ይወስድብናል፤ የፋቀ ግን የሌለንን ይሰጠንና የእኛ ነው ይላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባስተላለፉት መልእክት፥ ሥራ ክብሩን የሚያገኘው ከሁሉ በፊት ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደሆነ አስተምረዋል። የአገራችን ሕግም ይህን አልዘነጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410/1996፥ ደራሲ ከገንዘብ ጥቅሙ ሌላ የሞራል መብት እንዳለው፥ ክብሩን የሚነካ ለውጥ በሥራው ላይ ሲደረግም ሊቃወም እንደሚችል ደንግጓል።

ኩባንያዎችን ስንወቅስ የራሳችንን ቤት አንርሳ። ከትሬንት ጉባኤ በኋላ፥ ሚኬላንጀሎ በቫቲካን በሲስቲና ጸሎት ቤት የሣለው «የመጨረሻው ፍርድ» ራቁት አካላት ስላሉበት እንዲሸፈን ታዘዘ። በ1565 ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ በብዙዎቹ ላይ ጨርቅ ሣለባቸው። ሥዕሉ ታድሶ በ1994 ሲገለጥ፥ ኋላ ከተጨመሩት ሽፋኖች ብዙዎቹ ተነሡ፤ የዳንኤሌ ግን የታሪክ ምስክር ሆነው እንዲቀሩ ተደረገ። የቅድስት ካተሪናን ሥዕል ግን ልስኑን ነቅሎ እንደ አዲስ ስለ ሣለው የቀድሞው ዳግመኛ ሊገኝ አልቻለም። ሐሳቡ ለመልካም ነበር፤ የጠፋው ግን ጠፋ።

አሁን የራሴን ልናገር። በክህነቴ የመጀመሪያ ዓመታት በአንዲት የገጠር ጸሎት ቤት አንድ በዕድሜ የገፉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበሩ። ማንም ሳያዛቸው፥ ከለቀማና ከአረም በተረፋቸው ጊዜ፥ በግድግዳው ላይ ፍኖተ መስቀልን ይሥሉ ነበር። በአራት ዓመት ዘጠኙን ምዕራፍ ፈጽመው አምስቱ ቀርቷቸው ነበር። የቀሬናው ስምዖን በእርሳቸው ሥዕል የቡና ጆንያውን በመንገድ ዳር ጥሎ መስቀሉን የሚቀበል ገበሬ ነበር፤ የሚያለቅሱት ሴቶችም የመንደሩ ሴቶች ነበሩ። የበዓሉ ቀን ቀረበ፤ እንግዶች ይመጡ ነበር፤ እኔም ባዶ ግድግዳ አሳፈረኝ። ከከተማ የማስታወቂያ ሠዓሊ አመጣሁ። በአንድ ሳምንት አምስቱን ጨረሰ። «እንዳይለያይ» ብሎም በእኔ ፈቃድ የዘጠኙን ፊቶች ከአንድ የታተመ ምስል እያየ በዘይት ቀለም ደገማቸው። በበዓሉ ቀን ሁሉም አደነቀ። ሽማግሌው ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ቀስ ብለው ዞሩና ወደ እኔ መጥተው፥ «አባ፥ እኔ አልጨረስኩም ነበር፤ አሁን ግን አለቀ» አሉኝ። ምስጋና መሰለኝና መረቅኋቸው። ከዚያ በኋላ ብሩሽ አልያዙም።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፥ የልጅቱ ጥያቄ የፊልሙን ታሪክ ካስነበበኝ ወዲያ ነው። ሄጄ የስምዖንን ፊት የሸፈነውን ቀለም በቢላዋ ጫፍ ለማንሣት ሞከርሁ፤ ከሥሩ ያለው አብሮ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ፋቅሁት ማለት ነው። ሽማግሌውን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅርታቸውን አልነፈጉኝም፤ ፊቱን ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለፍኖተ መስቀል የሚያስፈልጉት ዐሥራ አራት መስቀሎች ናቸው፤ ሥዕሉ ለጸሎት የሚረዳ ተጨማሪ ነው። በአምስቱ ባዶ ቦታ አምስት ተራ የእንጨት መስቀሎች ብሰቅል ኖሮ ጸሎቱ ሙሉ፥ ሥራውም እውነተኛ በሆነ ነበር።

ዊልያምስ ስለዚያ ፊልም ለብዙ ዓመታት መናገር አልወደደም። ሌሎች ግን ዝም አላሉም። ጋሬት ጊልክሪስት የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከ2006 ጀምሮ የተበተኑትን ቅጂዎች እየሰበሰበ፥ ቀለም የጎደለውን በእርሳስ ንድፉ እንዳለ እየተወ፥ ወደ ሠሪው አሳብ የቀረበ ቅጂ አዘጋጀ። በታኅሣሥ 2013 በሎስ አንጀለስ የፊልም አካዳሚ፥ በ1992 የነበረው ያላለቀ ፊልም እንዳለ ታየ፤ የ80 ዓመቱ ዊልያምስም ተገኘ። በ2019 አረፈ። ፊልሙ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ነገር ግን ያላለቀውን ያላለቀ ብሎ ማሳየት እውነት መናገር ነው።

ምናልባት አንዳንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፥ «እኛ በየሳምንቱ ከአማርኛ ወደ ሸኮኛና ወደ ቤንችኛ እየመለስን፥ ለሕፃናት እያሳጠርን፥ ምሳሌ እየጨመርን እናስተምራለን፤ ይህስ መፋቅ ነውን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ትርጉምና ማብራሪያ አገልግሎት ነው፤ ያለ እርሱ ቃሉ ወደ ሕዝቡ አይደርስም። ልዩነቱ በአንዲት ነገር ላይ ይቆማል፤ የትኛው የጌታ ቃል፥ የትኛው የእናንተ ምሳሌ እንደሆነ ሰሚው ያውቃልን? ካወቀ ተርጓሚዎች ናችሁ፤ ካላወቀ የፋቀው ጎራ ደርሳችኋል። እንዲሁም የቀድሞ መምህር የጀመረውን መዝሙር፥ ያቋቋመውን ማኅበር፥ የተከለውን ዛፍ ስትረከቡ፥ ከመለወጣችሁ በፊት በሕይወት ካለ ሂዱና ጠይቁት፤ ካረፈም የለወጣችሁትን ለውጠናል በሉ። ጀማሪዎችም የሆናችሁ ወጪውንና ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ያልተፈጸመ ሥራ ትቶ መሄድ ለፋቂ በር መክፈት ነውና።

ጸሎት ቤቲቱ ዛሬም አለች። ለዐቢይ ጾም ፍኖተ መስቀል ስናደርስ አምስተኛው ምዕራፍ ፊት ስንቆም፥ የተፋቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀለም እንዲቀባ ምእመናን ደጋግመው ጠይቀውኛል። እንዳለ እንዲቆይ ለምኛቸዋለሁ።