በማይታይ ሥራ ስለ መታመን

ሰው በሰው ፊት የሚሠራውን አሳምሮ ስለ ሠራ ብቻ ታማኝ ነው ለማለት አይቻልም፤ የሚያየው አለና። ታማኝነት የሚፈተነው ሥራው ከተከደነ በኋላ ማንም በማያየው ነገር ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ምሳሌነት ላስረዳህ።

ኤሌክትሪክ ሲባል በእኛ አገር ቶሎ የሚታወሰን በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ኃይል የቱንም ያህል ቢበዛ ያለ ደኅና መጋጠሚያ ከንቱ ነው። በመኪና ውስጥ ሽቦዎች የሚጋጠሙት በሶኬት ነው። በእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ፒን የሚባል ትንሽ ብረት አለ፤ በብዙዎቹም ፒኖች ጎን ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ምላስ አለች። ፒኑ ወደ ሶኬቱ ሲገባ ምላሲቱ ጠቅ ብላ ትይዘዋለች። ለማውጣት ሲፈለግ ቀጭን የፒን ማውጫ በፊት በኩል አስገብቶ ምላሲቱን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦው ያለ ትግል ይወጣል። ሲመልሱትም ምላሲቱን አቅንቶ፥ ጠቅ እስኪል ገፍቶ፥ መያዙን ለማወቅ በቀስታ ሳብ ማድረግ ይገባል።

በጉልበት የሚስብ ሰው ግን ምላሲቱን ይሰብራታል። የተሰበረው ፒን ተመልሶ ሲገባ ደኅና ይመስላል፤ መብራቱም ይበራል። ነገር ግን በኮረኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መጋጠሚያው ሲላላ ይግላል፥ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፥ መብራቱም በጨለማ መካከል ይጠፋል።

በደራ ከተማ፥ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በጋራዥ ሙያ ይማራል። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ ሳለሁ፥ የአንድ የጭነት መኪና የፊት መብራት ሶኬት ሲፈታ ቸኩሎ ሽቦውን በፒንሳ ሳበውና ምላሲቱ ተሰበረች። መልሶ ቢሰካው በራ። ሾፌሩም ደስ ብሎት ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። የዕለት ምግቡ ከዚያ ገንዘብ እንደ ሆነ አውቅ ነበርና መምህሩ ሳለሁ ዝም አልሁ።

ልጁ ግን፥ «ጋሼ፥ ፒኑን ሰብሬዋለሁ፤ ሳልቀይረው አይሂዱ» አለው። ሾፌሩ አላመሰገነውም፤ «ሊመሽብኝ ነው» ብሎ ተቆጣ፥ ከዋጋውም ቀነሰበት። የእኔ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ታዲያ መብራቱ ከበራ፥ ስብራቱንም ማንም ካላየ፥ ዝም ማለት በደል ነውን? አዎን፥ በደል ነው። ልጁ ዝም ቢል ኖሮ ጥፋቱ አይጠፋም ነበር፤ ከእርሱ ትከሻ ወርዶ ነገሩን በማያውቅ ሰው ትከሻ ላይ ይጫን ነበር እንጂ። ሰው ያላወቀውንና ያልፈቀደውን አደጋ ማሸከም ከመስረቅ አይለይም።

«መሣሪያው የለኝም» ማለትም በቂ ምክንያት አይሆንም። ከአሮጌ ጃንጥላ የወጣ ቀጭን ብረት በሞረድ ቢሳል ለብዙ ፒን ማውጫ ይሆናል። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፥ የሚያስፈልገው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የሚይዘውን ነገር ለይቶ ማወቅና መታገሥም ነው።

አንተም ነገ ጸሐፊ፥ ሐኪም ወይም ግንበኛ ትሆን ይሆናል። በማናቸውም ሥራ ውስጥ ከክዳን በታች የምትቀር ትንሽ ምላስ አትታጣም። በሰበርሃት ጊዜ ተናገር፤ የአንተ ዋጋ ቢቀንስም፥ በሌሊት የሚጓዘው ሰው መንገዱን ያያል።