ላጠሩት ፍጡር ያለ ዕዳ

ሰው የሚወደውን ፍጡር በገዛ እጁ ሊጎዳ ይችላልን? «የሚወድ ሰው እንዴት ይጎዳል?» የሚል ብዙ ነው። እኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ሳስተምር ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም። አሳቤን የለወጠችው አንዲት ዔሊ ናት። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ከዔሊ ደግሞ ምን ትምህርት ይገኛል?» ብለህ ገጹን አትለፈው። ትልቅ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በትንሽ ነገር ነውና።

በ2001 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ጎረቤቴ የነበረ ሰው ቤቱን ሽጦ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ልጆቹ ያሳድጓት የነበረችውን ዔሊ ለእኛ ትቶልን ሄደ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ በብጫ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ በስምጥ ሸለቆ ቆላ ከሚገኙት ወገን ነበረች። ፈረንጆች ይህን ዐይነት «የነብር ዔሊ» ይሉታል። ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት የሞላት ልጄ «እመት ዝግታ» ብላ ስም አወጣችላት።

ሁላችንም ወደድናት። ልጄ ከእጇ ሙዝ እየቆረሰች ታጎርሳታለች፤ ባለቤቴ ዳቦ በወተት አርሳ ታቀርብላታለች፤ እኔም ማታ ማታ ከቀቀልነው ሩዝ እጨምርላታለሁ። እመት ዝግታም ልጄን ባየች ቁጥር አንገቷን አውጥታ ወደ ሙዙ ትገሰግስ ነበር። ውሻ እንዳያገኛት ብለን በጓዳ ውስጥ በእንጨት ሣጥን አኖርናት። እንግዳ ሲመጣ «እዩ፤ እንዴት አድርጋ ታውቀናለች!» እያልን እንኰራባት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የጀርባዋ ቅርፊት እንደ ተራራ ሰንሰለት ወጣ ገባ ሆነ። የአፏ ጫፍ በጣት ሲነኩት ይለመጥ ጀመር። ሆዷን ከምድር አንሥታ መራመድም ተሳናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ለካስ ጥፋትም እንዲሁ ቀስ በቀስ በእግሩ ይመጣል።

ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ አገላብጦ ካያት በኋላ «ምን ትበላለች?» አለኝ። እኔም በኩራት ዘረዘርሁለት። ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጋሼ፤ ይህ የሰው ማዕድ ነው። እርስዎ ሲመግቡ የኖሩት ራስዎን ነው» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ሐኪሙ ያስረዳኝ ነገር እንዲህ ነው። የዔሊ ቅርፊት እንደ ልብስ የሚወልቅ ነገር አይደለም፤ ከጐድኗና ከጀርባዋ አጥንት ጋር የተጋጠመ አጥንት ነው። ይህ አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል። በምግቧ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፎስፎረስ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ዳቦ፣ ሩዝና ሙዝ ግን ከካልሲየም ይልቅ ፎስፎረስ ይበዛባቸዋል። ደሟ የጐደለውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ እየሰረሰረ ይወስዳል፤ ስለዚህ አጥንቷ ይለሰልሳል። ካልሲየሙ ቢገኝም እንኳ ያለ ፀሐይ አይረባትም፤ ፀሐይ ቆዳዋን ሲመታው በሰውነቷ ውስጥ የሚሠራው ቪታሚን ዲ ነው ካልሲየሙን ከአንጀት የሚያስገባላት። የመስኮት መስተዋት ለዚህ የሚያስፈልገውን ጨረር ስለሚያስቀር፣ በጓዳ መስኮት የሚገባው ብርሃን አይበቃትም። ደግሞም ዔሊ ጥርስ የላትም፤ የምትግጠውን ሣር በአንጀቷ ውስጥ የሚያብላሉላት በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ስኳር ሲበዛባቸው እነዚህ ይታወካሉ፤ ሆዷም ይነፋል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርሁ። ወጣ ገባ ቅርፊት የሚመጣው ፕሮቲን ሲበዛ ነው የሚል አሳብ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሮ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የታተመ የቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ምርምር ግን፣ በሌላ የአፍሪካ ዔሊ ጫጩቶች ላይ በተደረገው ፈተና፣ ከፕሮቲኑ ይልቅ የአየሩ ድርቀት ዋና ምክንያት መሆኑን አሳየ። እኔም ከምድጃ አጠገብ በደረቅ ሣጥን ያኖርኋት ትዝ ስላለኝ አፈርሁ። «ለደኅንነቷ» ያልሁት ሣጥን አንዱ ጠላቷ ኖሯል።

እንግዲህ ማዕዷን ለወጥን። ከምትበላው ከዐሥር እጅ ሰባቱ ወይም ስምንቱ ሰርዶና ሌላ ሣር፣ በበጋም ድርቆሽ ሆነ። የቀረው ጎርጤብ፣ የጽጌረዳ ቅጠልና አበባ፣ እሾሁ የተላገ የበለስ ቅጠል ነው። ወተት የሚያፈሰውን ቁልቋል ግን ከበለስ ጋር ማሳሳት አይገባም፤ ወተቱ ዐይንን የሚያቃጥል ነውና። ጎመን አልፎ አልፎ እንጂ ዕለት ዕለት አንሰጣትም። ቆስጣ ካልሲየምን የሚያስር አሲድ ስላለበት እንተወዋለን። ሰላጣም ከውሃ በቀር የሚበዛ ነገር የለውም። አቮካዶና ሽንኩርት ከቶ አይቀርቡላትም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለን፣ አድርቀንና ወቅጠን በሣሩ ላይ በጥቂቱ እንነሰንሳለን። ጠልቃ የማትሰጥምበት ዝርግ የውሃ ሳሕን አቀረብንላት። ቀን በፀሐይ ትውላለች፤ ሲሞቃትም የምትጠለልበት ጥላ አላት።

ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ቀኖች መራራ ነበሩ። እመት ዝግታ ሣሩን ረግጣ እያለፈች አንገቷን ወደ ልጄ ትዘረጋ ነበር። ልጄም እያለቀሰች «አባባ፤ እርቧታል፤ ትንሽ ሙዝ ብሰጣት ምናለበት?» አለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ገጠመኝ። እርሷ የወደደችውን የምከለክላት በምን መብት ነው? ጕልበት ስላለኝ ብቻ ከሆነ ይህ ግፍ እንጂ ፍቅር አይደለም።

ብዙ ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። በዱር ያለች ዔሊ ማዕዷን የምትመርጠው ራሷ ናት። ከአንዱ ሣር ቀንጥባ ወደ ሌላው ታልፋለች፤ ፀሐይ ስትሻ ትወጣለች፤ እርጥበት ስትሻ ከቍጥቋጦ ሥር ትገባለች። ጣፋጭ ፍሬ ብታገኝ እንኳ ለጥቂት ቀን ነው። ምኞቷና ጥቅሟ እምብዛም አይጣሉም። እኔ ግን አጥር አጠርሁባት፤ ምርጫዋንም ወሰድሁባት። የሌላውን ምርጫ የወሰደ ሰው በምርጫው ፈንታ ዕውቀት የመክፈል ዕዳ አለበት። ሙዙን የመከልከል መብቴ የተወለደው ከዚህ ዕዳ እንጂ ከጕልበቴ አይደለም። ዕዳውን ሳልከፍል «እወዳታለሁ» ማለቴ ባዶ ቃል ነበር። ከሁሉ የሚሻለውም መጀመሪያውኑ አለማጠር ነው፤ ስለዚህ የዱር ዔሊ አይተህ ወደ ቤትህ አታምጣ።

«እንግዲያው ፍሬ ለዔሊ ሁሉ መርዝ ነው» ብለህ ደግሞ አትቸኩል። ዮናታን የተባለው ታላቅ ዔሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ከሲሸልስ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ተወሰደ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ዐይኑ ታውሮ፣ ማሽተቱም ጠፍቶ፣ ሣሩን አፈር እየቀላቀለ ይግጥ ነበር። የደሴቱ የእንስሳት ሐኪም ካሮት፣ ኪያር፣ ፖምና ሙዝ በእጁ ያበላው ጀመር፤ ደንዝዞ የነበረው የአፉ ጫፍም ተመልሶ ተሳለ። ያው ሙዝ ለእመት ዝግታ ጕዳት፣ ለዮናታን መድኀኒት ሆነ። ዕውቀት ማለት ሕግ መሸምደድ ብቻ ሳይሆን በፊታችን ያለውን ፍጡር ማወቅ ነው።

ይህን ትምህርት እንደገና የተማርሁት በራሴ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ተገኘብኝ። ያች ልጄ አሁን ነርስ ናት፤ ስኳሩንና ማሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችብኝ። ተቈጥቼ «እኔ ዔሊ አይደለሁም!» አልኋት። እርሷም ሣቀችና «ሙዝ የከለከልኸው አንተ አይደለህም እንዴ፣ አባባ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳስበው ግን ልዩነቱ ታየኝ። ዔሊ ነገር ቢያስረዷት አትሰማም፤ ስለዚህ ይታሰብላታል። ሰው ግን ሊረዳ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በማግስቱ «አስረጂኝ» አልኋት። ተቀምጣ አስረዳችኝ፤ ቁልፉንም መለሰችልኝ። ሁለት ጊዜ ተሸንፌአለሁ፤ አልደብቅም። ነገር ግን ከቁልፉ ይልቅ ቃሏ ጠብቆኛል።

እመት ዝግታ ዛሬም በግቢዬ አለች። የአፏ ጫፍ ጠንክሯል፤ ሆዷንም ከምድር አንሥታ ትሄዳለች። በልጅነቷ የወጣው ጉብታ ግን አልጠፋም፤ የእኛን ጥፋት በጀርባዋ ተሸክማ ትኖራለች። ከዚያ ወዲህ በቅርፊቷ ዳርና ዳር ያደገው ለስላሳ ሆኖ ወጥቷል።

ልጄ ሆይ፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት፣ ተማሪ ወይም እንስሳ በእጅህ ይወድቅ ይሆናል። በዚያ ቀን ከማጉረስህ በፊት ጠይቅ፤ ያልታወቀህን የሚያውቅ ፈልግ። የሚሰማህ ከሆነ አስረዳው፤ የማይሰማህ ከሆነ በእርሱ ፈንታ ዕወቅ። ስትመግበውም የራስህን ደስታ እየመገብህ እንዳይሆን ልብህን መርምር።