የማን ልጅ ልበል?

በአንድ የወንዝ ዳር ከተማ የስመ ጥሮች ስም የሚቀረጽበት ድንጋይ ነበር። በከተማው በር አጠገብ ስለቆመ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል። አንድ ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ፣ ከዳርቻው ጎጆዎች የወጣች አንዲት ልጃገረድ ጎርፉን በሩጫ ቀድማ ከተማውን ቀሰቀሰች። ሰው ሁሉ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተረፈ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ «ስሟ ይቀረጽ» አሉ። የተቃወመ አልነበረም።

ጠራቢው መሮና መዶሻውን ይዞ ቀረበ። የድንጋዩን ገጽ በእጁ ጠረገና በከሰል አስምሮ ስሟን ጻፈ። በከተማው ወግ ከስም በታች ሦስት ትውልድ ይቆጠራልና ቀና ብሎ፣ «የማን ልጅ ልበል?» ሲል ጠየቀ።

እናቷ ስሟን ተናገረች፤ ተጻፈ። የአያቷም ስም ተጻፈ። «ከእሳቸው በላይስ?» ሲል አያቲቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡ።

«የእናቴን ስም እኔም አላውቀው። ሕፃን ሳለሁ ከእቅፏ የወሰዳችሁኝ እናንተ ናችሁ። ጽሕፈቱም በእናንተ እጅ ነው፤ መዝገባችሁን እዩ» አሏቸው።

መዝገቡ ወጣ፣ አቧራውም ተራገፈ። በገጹ ላይ የተገኘው፣ «አንዲት ሴት ልጅ፣ ለቤት ሥራ የምትሆን» የሚል ብቻ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጨነቀውና፣ «የከተማችን ልጅ ብለህ ጨርሰው» አለ።

ልጅቷ ግን፣ «አባቶቼ፣ ሌሊት የጮኽኩት ለሁላችሁም ነው፤ ስሜን ጻፉት፣ ደስ ይለኛል። የቅድመ አያቴን ቦታ ግን በከተማው ስም አትሙሉብኝ» አለች።

ጠራቢው ስሞቹን ቀረጸና ከሥራቸው ለአንድ ስም የሚበቃ ቦታ አለስልሶ ተወው። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን የሚያነብ እንግዳ ሁሉ ስለዚያ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ የከተማው ሰውም ይመልሳል።

ምሳሌውን ያመጣሁት ስለ አውስትራሊያዊቷ ሯጭ ስለ ካቲ ፍሪማን ነው። ካቲ እ.ኤ.አ. በ1973 በኩዊንስላንድ ጠረፍ፣ በሸንኮራ አገዳ በምትታወቀው በማካይ ከተማ ተወለደች። የማካይ ስመ ጥር ልጆች ሲቆጠሩ እሷ ትቀራለች ተብሎ አይታሰብም፤ ይገባታልም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት፣ 400 ሜትሩን በ49.11 ሰከንድ አሸነፈች። እኛ ያን ምሽት የምናስታውሰው በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው፤ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው በዚያው ምሽት፣ በዚያው መም ላይ ነበር። ካቲ መስመሩን እንዳለፈች መሙ ላይ ቁጭ አለች፤ ቶሎም አልተነሣችም። ኋላ ጫማዋን አውልቃ፣ የአውስትራሊያንና የራሷን ወገኖች፣ የአገሩን የጥንት ነዋሪዎች የአቦርጂናል ሕዝቦችን ባንዲራ አንድ ላይ ይዛ በባዶ እግሯ ዞረች። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳው የኮመንዌልዝ ጨዋታ የአቦርጂናሎቹን ባንዲራ በመያዟ የገዛ ቡድኗ መሪ ወቅሰዋት ነበር፤ እሷ ግን በ200 ሜትርም አሸንፋ ደግማ ይዛዋለች።

የካቲ አያት በልጅነታቸው በመንግሥት ከእናታቸው ከተነጠቁት፣ «የተሰረቀው ትውልድ» ከሚባሉት አንዷ ናቸው። የተወለዱበትን ቀን ሳያውቁ እንደኖሩ ካቲ ከኦሊምፒኩ ጥቂት ቀደም ብላ በምሬት ተናግራለች። የዚያን ምሽት አገሩ ሁሉ «ልጃችን» ብሏታል፤ ከልቡ እንደነበርም አልጠራጠርም። ልጃችን ያለ ሰው ግን በአያቷ የደረሰውንም ታሪኬ ነው ሊል ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ስለተነጠቁት ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቃደኛ አልነበሩም። ይቅርታው በፓርላማ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ካቲ ሩጫ ካቆመች አምስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።