ለጀግናው ወይስ ለጀግንነቱ?

እንግሊዞች ለወታደሮቻቸው ከሚሰጧቸው የጀግንነት ሜዳሊያዎች ሁሉ የሚበልጠው የቪክቶሪያ መስቀል ነው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1856 ተቋቋመ። ማዕረግ አይመርጥም፤ ለጄኔራሉም ለተራው ወታደርም ያው አንድ መስቀል ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና እኔን የሚስበኝ በላዩ የተቀረጸው ቃል ነው። መጀመሪያ የታሰበው «ለጀግኖች» የሚል ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ አልተቀበሉትም። እንዲህ ከተባለማ ያልተሸለመው ሁሉ ፈሪ ሊባል ነው! ስለዚህ «ለጀግንነት» ተባለ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንደኛው ሰውየውን ያወድሳል፣ ሁለተኛው ሥራውን።

ደንቡ ራሱ ግን ይህን ዘነጋው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1908 ድረስ ስምንት ተሸላሚዎች በኋላ በፈጸሙት ጥፋት ክብሩን ተገፈፉ። አንደኛው ላም ሰርቆ ነው። እስቲ ፍረዱ፤ ዛሬ ላም የሰረቀ ሰው ትናንት ጀግና አልነበረም ማለት ነው? ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1920 በጸሐፊያቸው በኩል ይህን ተቃወሙ። ተሸላሚው በነፍስ ግድያ ስቅላት ቢፈረድበት እንኳ መስቀሉን አድርጎ ይሰቀል አሉ። እኔም ከንጉሡ ጋር ነኝ። የተሠራ ሥራ አይፋቅም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ጣጣው እኛው ቤት ይመጣል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ማይክል ማግነርና ጄምስ በርጊን የተባሉ ሁለት ወታደሮች ግንቡንና የእሾህ አጥሩን ተሻግረው ለጓደኞቻቸው መንገድ ከፈቱ። ይህንኑ መስቀል ተሸለሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ቀን ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተዘረፉ።

ታዲያ ሁለቱ ደፋሮች ነበሩ? ነበሩ። ሥራን እንጂ ሰውን አንመዝንም ካልን፣ የጠላትም ሥራ ሥራ ነው። ይህን ማመን ያማል፤ መካድ ግን ውሸት ነው። ነገር ግን ሜዳሊያው አጥሩ እንዴት እንደተዘለለ እንጂ ለምን እንደተዘለለ አይጠይቅም። ሸላሚውም ቆሞ የቀረው ወገን ነው። ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ ላይ የወደቀውን ፊታውራሪ ገብርዬን ማን ይሸልመው? ጌታውም አብረውት ሄደዋል።

ስለዚህ ለልጆቻችን ጀግንነትን ስናስተምር «ደፈረ ወይ?» ብቻ ብለን አናብቃ። «ለምን ብሎ?» የሚለውም ይጨመርበት። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሜዳሊያ በቂ መልስ ነው። ለሁለተኛው ግን እኛው ራሳችን መፍረድ አለብን።