ስሜት ማስረጃ ይሆናልን?

 

ባለፈው ዓመት፣ የደባርቅ ብርድ በበረታበት አንድ የታኅሣሥ ምሽት፣ በከተማችን አንድ ሆቴል ከጎንደር ባንድ አስመጥቶ ነበር። ከዒሻእ ሰላት ስንወጣ የከበሮውና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ መስጊዱ ደጃፍ ድረስ ይሰማ ነበር። ቀደም ሲል ቁርኣን ያስቀራሁት፣ ዛሬ በአይሱዙ መኪና ላይ ረዳት የሆነ ወጣት እዚያ መግባቱን እናቱ ነገረችኝና ልጠራው ሄድኩ። ሊነጋጋ ሲል ጭነት ይዘው ሊማሊሞን የሚወርዱ ነበሩና እናቲቱን ያስጨነቃት ከዘፈኑ ይልቅ የልጇ እንቅልፍ ማጣት ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣውን ያን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባትም።

በሩ ላይ ቆሜ አስጠራሁት። ውስጥ የሚጫወቱት፣ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተሰኘው አልበሙ እንዳሰማው ዓይነት፣ የአገራችንን ቅኝት ከሮክ ጊታር ጋር የቀላቀለ ነበር። ልጁ ላብ አጥምቆት ወጣ። ስለ ሐራምነቱ በመንገድ ላይ ያሰናዳሁትን ንግግር ስጀምርለት በትሕትና አቋረጠኝ።

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድሮ በመውሊድ ሌሊት መንዙማው ሲባል፣ ድቤው ሲመታ ልቤ ይቀልጥ ነበር፤ ራሴን እረሳ ነበር። ዛሬም እዚህ ውስጥ የተሰማኝ ያው ነው። ያኛው ከአላህ ከነበረ ይኼኛው ከማን ነው?»

መልስ አጣሁ። «ነገ ሊማሊሞ ይጠብቅሃል፤ ሂድና ተኛ» ብቻ አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ፤ ሳይተኛ ያደርኩት ግን እኔ ነኝ።

እርግጥ በእጄ ማስረጃ አልጠፋም። የሙዚቃ መሣሪያዎችን ሐላል ስለሚያደርጉ ሰዎች የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ በቡኻሪ ተዘግቧል። ኢብን ሐዝም ሰነዱ ተቆርጧል ብለው ቢተቹትም አብዛኞቹ ዑለማ ትችታቸውን አልተቀበሉም። በሁክሙ ላይ እኔም ከአብዛኞቹ ጋር ነኝ። ሆኖም ልጁ የጠየቀኝ ሁክሙን አልነበረም፤ ሁክሙንማ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። የጠየቀኝ ስለ ልብ ነው።

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተባለው ኪታባቸው ስለ ሰማዕ፣ ማለትም ስለ ዜማ ማዳመጥ፣ ሰፊ ክፍል ጽፈዋል። ዜማ በልብ ውስጥ የሌለውን አያስገባም፣ ያለውን ይቀሰቅሳል እንጂ የሚል ነው ሐሳባቸው። ሆኖም የክር መሣሪያዎችን የጠጪዎች መለያ ስለሆኑ ከልክለዋል። የሊማሊሞ ሾፌሮች ይህን ሳያነቡ ያውቁታል። ጉም በወረደበት ሌሊት ሾፌሩ እንዳያንቀላፋ ቴፑን ከፍ ያደርጋል፤ በዚያው ዘፈን ኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደዋል። ድምፁ አንድ ነው፤ ያገኘው ሰው ግን ሌላ ሌላ ነው።

ታዲያ ራስን መርሳት በራሱ መልካም ነገር ነውን? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ ሳይክደሊክ ሮክ የተባለው ሙዚቃ ሲነሣ አእምሮን ከሚያቃዡ ዕፆች ጋር ተያይዞ ነበር፤ አእምሮን ከልማዱ ማስወጣት እንደ ነፃነት ይታይ ነበር። በሸሪዓ ዘንድ ግን አእምሮ ሊጠበቁ ከሚገባቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ነው፤ ኸምርም የተከለከለው ስለሚሸፍነው ነው። ይህን ለሮከኞቹ መንገር ቀላል ነው። ለራሳችንስ? እኛ የመንዙማ ወዳጆችም «እገሌ በሐድራው ራሱን ሳተ» ስንል እንደ ውዳሴ ነው የምንናገረው። ከዳና፣ ከጌታና ከሾንኬ የወረስነው መንዙማ ግን ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ዲኑን የተማረበት ነው፤ ለመማር ደግሞ ነቅቶ መገኘት ያስፈልጋል።

ያሳደረኝን ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የመውሊድ ሌሊት (የመውሊድን ክርክር እዚህ አላነሣም) እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስናጨበጭብና ስናለቅስ ቆይተን ጋደም አልኩ። ሱብሂን የሰገድኩት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ደረሳዬ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶኝ ነበር፤ እሺ እያልኩ ተኛሁ። ያ ደረሳ ይኸው ልጅ ነው። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፍቅር ያለቀሰው ዓይኔ እሳቸው ላዘዙት ሰላት አልተገለጠም። ልጁ ይህን አላነሣብኝም፤ ከአደቡ ይመስለኛል።

ስለዚህ የሁለቱ ሌሊቶች ስሜት አንድ ነው ሲለኝ አልተከራከርኩትም፤ አንድ ሊሆን ይችላል። የልብ መቅለጥ ከአላህ ለመሆኑ እንባ አይመሰክርም። ሰውየው ሲነጋ የት ተገኘ? ብዬ ብጠይቅ ለእኔም ለእርሱም የሚበጀን ይመስለኛል። ጊታሩን የምቃወምበት ምክንያት አልተለወጠም፤ «የእኛው ስሜት ንጹሕ ነው፣ የእናንተው ርኩስ ነው» የምለው ክርክር ግን ከእጄ ወጥቷል።

በዚህ ዓመት ረቢዐል አወል መንዙማውን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አስቆምኩ። ሁለት አዛውንቶች ተቀይመውኝ ወጡ። ልጁ በዚያ ሰሞን መተማ መስመር ላይ ስለነበር አልመጣም።