ማንን አስፈቅደን?

ስለ ሥርዓተ ፆታ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ አንድ የጋራ እሮሮ አለው፤ «ምንጭ የለም» ይላል። መጽሐፍማ ሞልቷል፤ ሌሎች ስለ ሴቶች የጻፉት። የጠፋው ዋናው ነው፤ ሴቲቱ ራሷ የተናገረችው፣ የፈረመችበት፣ ፊቷ የታየበት። እኔም ከርሜ ስል የነበረው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ይመስለኛል። ምንጭ አለ። ከባዱ ነገር ምንጩ እጃችን ከገባ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው።

እስቲ በቀላሉ ከሚገኘው እንጀምር። ሕግ የትም አለ፤ አቧራውን አራግፎ ማንበብ ብቻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገዋል፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ያዛል። በቁጥር 581 ደግሞ ለጋብቻ ወንዱ 18፣ ሴቷ 15 ዓመት ይበቃታል ይላል። ከእርሱ በፊት የወጣው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር 558 ግን ቆም ያሰኛል። ጠላፊው ይቀጣል ካለ በኋላ፣ የተጠለፈችው በነጻ ፈቃዷ ጠላፊዋን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባችው፣ ጋብቻው ካልፈረሰ በስተቀር ክስ አይቀርብም ይላል። በነጻ ፈቃዷ! በጠላፊው ቤት የተቆለፈባት፣ ሽማግሌ በደጅ የተቀመጠባት ልጅ ፈቃዷን ለማን ነው የምትናገረው? እንግዲህ ይህ ጽሑፍ አንደኛ ደረጃ ምንጭ ነው፤ አስተማሪዎቻችንም ይቀበሉታል። የሚሰማበት ድምፅ ግን የሕግ አርቃቂው እንጂ የልጅቷ አይደለም። እሷ እዚያ ውስጥ ያለችው «የተጠለፈችው» ተብላ ነው።

ሴት በራሷ ድምፅ መዝገብ ውስጥ የምትገባው አብዛኛውን ጊዜ ስትከሰስ ነው። ይህን ለማየት የ1989ኙን የአርሲ ጉዳይ ማንሳት ይበቃል። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ስታመልጥ መሣሪያ ይዛ ወጣች፣ ተከትሎ ሊይዛት የመጣውንም ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ተከራከሩላት፣ ራሷን ስትከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም አለ። እርግጥ ይህ ሁሉ የአንድ ክስ ውጤት አይደለም፤ ብዙዎች ደክመውበታል። ነገር ግን የልጅቷ ስም ሳይነሳ የተደረገ ክርክር ጥቂት ነው።

አሁን አጥኚው ምን እንዳለው እንቁጠር። የፍርድ ቤት መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ቢቢሲ ያሳየው ጥናታዊ ፊልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ሰንዳንስ ታይቶ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። አንድ ሕይወት፣ ሦስት ዓይነት ምንጭ! ለተማሪ ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት፣ ማለት በ2006 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ላይ፣ ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ሕይወቷ ያለ ፈቃዷ ተወሰደብኝ ያለች ሴት ነበረች። ማን እንደሆነች መቼም ገብቷችኋል።

እኔ ይህን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ያቺን ቃል እንደ ድሮው ልናገራት አልቻልሁም። በቋንቋችን የጀግናው ሥራም ድፍረት ነው፤ በልጅቷ ላይ የተፈጸመውም ድፍረት ነው። ደፋር ሲባል እናሞግሳለን፤ ተደፈረች ሲባል አንገታችንን እንደፋለን። ፊልሙ ርዕሱን ሲመርጥ ሁለቱንም አስቦ ነው፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። ሦስተኛው ትርጉም ግን፣ የሰውን ታሪክ ሳያስፈቅዱ መድፈር፣ ከአዳራሹ በር ላይ ራሱ መጣ።

(በነገራችን ላይ በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልምም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባል ነበር። ግጥምጥሞሽ ይሆናል። ግን ሴት ልጅን በአባቷ የሚጠይቅ ርዕስ ራሱ አንድ ምንጭ አይደለምን?)

አንድ ወዳጄ ይህን ሳጫውተው ሳቀብኝ። «እንግዲያው አንተም ስሟን አልጻፍክም። የጠበቃዋ ስም አለ፣ የአዘጋጁ ስም አለ፣ የእሷ ግን የለም። ይኸ ማስከበር ነው ወይስ ዳግመኛ መንጠቅ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ስም መሸሸግ ሁልጊዜ ክብር አይደለም። ዝናው ለሌላው ሲሆን ስም መሸሸግ ቅሚያ ይሆናል። ቢሆንም እኔ አልጠየቅኋትም። ስሟ በጋዜጣ ወጥቷልና ማንም ይጻፈው ማለት፣ በሩ ክፍት ነበር ብሎ እንደ መግባት ሆኖ ታየኝ። ወዳጄ አልተስማማም፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ረትቼዋለሁ አልልም።

ለሞቱትስ? እነሱን ማን ያስፈቅዳል? ገድለ ወለተ ጴጥሮስን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። ባሏን ትታ የአፄ ሱስንዮስን ሃይማኖት የተቃወመች፣ ጣና ዳር ማኅበር የመሠረተች ሴት ናት። በ1642 እ.ኤ.አ. ዐረፈች፤ ገድሏን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ከሚያውቋት ሰምቶ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ፣ ስለ መነኮሳይያት የተነገረ አንድ ቦታ እንዴት ይነበብ በሚለው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን ፍትወት አየ፣ ሌላው ስም ማጥፋት ነው አለ። በክርክሩ ውስጥ ብዙ እውቀት ነበረ። ግን ሁለቱም ወገን የሚያነበው በመነኩሴው ብዕር በኩል መሆኑን አልፎ አልፎ የዘነጋ ይመስለኛል። እነዚያ ሴቶች ሲያወሩ ገላውዴዎስ ነበር የሰማው፤ ለእሱ ያልነገሩት ምን እንደነበረ ገድሉ አይነግረንም።

እኔስ ከገላውዴዎስ በምን እሻላለሁ? ባለፈው ዕረፍት አያቴን ስለ ጋብቻዋ ልጠይቃት ቴፕ ይዤ ሄድኩ። «እንዴት አገባሽ፣ እማማ?» ብላት «ኧረ እኔ የት አግብቼ፤ ተዳርኩ እንጂ» አለችኝ። ይህቺን አንዲት ቃል ማግኘቴ ብቻ መንገዱን አስረሳኝ፤ አንድ ምዕራፍ ይወጣታል ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት ጠየቅሁ። ቡናውን ቀዳች፣ ጭሱን በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችና «ይኸን አጥፋው፣ ልጄ» አለች። አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ሦስተኛው ቡና ወርዶ ረመጡ እስኪከስም ድረስ።

አማካሪዬ ረቂቄን አይቶ ሦስተኛው ምዕራፍ ሳስቷል፣ የቃል ማስረጃ ያስፈልገዋል ብሎኛል። ማስረጃው አለኝ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ቴፑን አጥፋ ስትለኝ እንዳይቀዳ ፈልጋ ነበር ወይስ ጨርሶ እንዳይወራ፣ እሱን አላውቅም። ለፋሲካ አገር ቤት ስወርድ እጠይቃታለሁ። እስከዚያ ምዕራፉ እንደሳሳ ይቆያል።